አዲስ መሣሪያና አሮጌ የሥራ ልማድ

ማናቸውም ሥራ መነሻና መድረሻ አለው። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ የቀና ሲሆን ሥራው ይፈጥናል፤ ሠራተኛው በከንቱ አይደክምም፤ ባለጉዳዩም አይጉላላም። መንገዱ የተጣመመ እንደ ሆነ ግን ትጉህ ሠራተኛ ቢቀመጥበት፥ ብልህ ሹም ቢሾምበት፥ ብዙ ገንዘብም ቢወጣበት፥ ሥራው ከመዘግየት አይድንም። በመሥሪያ ቤት ደጅ የጠና ሰው ሁሉ ይህን ነገር ያለ አስረጂ ያውቀዋል። ወረቀቱ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ይተላለፋል፤ በአንዱ ዘንድ ፊርማ ይጠብቃል፤ በሌላው ዘንድ ማኅተም ይጠብቃል፤ በሦስተኛው ዘንድ ደግሞ ከሌሎች ዶሴዎች በታች ተኝቶ ይሰነብታል። ባለጉዳዩ «ጉዳዬ ከምን ደረሰ?» ብሎ ሲጠይቅ እርግጠኛ መልስ የሚሰጠው ሰው አያገኝም። ይኸውም ወረቀቱን የሚቀበለው ሁሉ የራሱን ድርሻ ያውቃል እንጂ መንገዱን በሙሉ የሚያውቅ ስለሌለ ነው።

ይህን ችግር ለማቃለል ሲባል በዚህ ዘመን ወደ ኩባንያዎችና ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚገባ አንድ መሣሪያ አለ፤ እርሱም የሥራ ፍሰት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ይባላል። አሠራሩ በአጭር ቃል ሲገለጽ እንዲህ ነው፤ አንድ ጉዳይ ወደ መሥሪያ ቤቱ በገባ ጊዜ በኮምፕዩተር ተመዝግቦ ቁጥር ይሰጠዋል። ማን እንደሚመረምረው፥ ከመርማሪው ቀጥሎ ወደ ማን እንደሚያልፍ፥ የማን ፈቃድ እንደሚያስፈልገው፥ በስንት ቀንም ማለቅ እንዳለበት የሚያዝዘው ደንብ አስቀድሞ በሶፍትዌሩ ውስጥ ተጽፎ ስለሚገኝ፥ ጉዳዩ ተላላኪ ሳያስፈልገው ከሠራተኛ ወደ ሠራተኛ ይተላለፋል። የተወሰነው ቀን ሲያልፍ መሣሪያው ለአለቃው ያስታውቃል፤ ማን በስንት ሰዓት ምን እንደ ሠራም መዝግቦ ያኖራል። ስለዚህ ዶሴ ጠፋ የሚለው ምክንያት ይቀራል፤ ባለጉዳዩም ጉዳዩ በማን እጅ እንዳለ ለማወቅ ይችላል።

ይህ ዐሳብ ዛሬ የተገኘ አይደለም። ከ1970 በኋላ ባሉት ዓመቶች (ከዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ፥ እንዲሁም ዜሮክስ በሚባለው ኩባንያ የምርምር ቤት፥ ሊቃውንት የጽሕፈት ቤትን ሥራ በኮምፕዩተር ለመምራት ጥናት አድርገዋል። ከ1980 በኋላ ፋይልኔት የተባለው ኩባንያ የወረቀቶችን ምስል እያነሣ በኮምፕዩተር ከሠራተኛ ወደ ሠራተኛ የሚያስተላልፍ መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። በ1993 ይህን መሣሪያ የሚሠሩና የሚገለገሉበት ድርጅቶች የጋራ ደንብ የሚያወጣ ማኅበር አቋቋሙ። በ2004 ደግሞ የሥራን አካሄድ በሥዕል ለማመልከት የሚያገለግሉ የጋራ ምልክቶች ወጡ። ከዚህ የተነሣ መሣሪያው በባንክ፥ በመድን ድርጅት፥ በሆስፒታልና በፋብሪካ ሁሉ ተስፋፋ።

ይሁን እንጂ መሣሪያን መግዛትና ሥራን ማሻሻል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መሣሪያው በገንዘብ ይገዛል፤ የሥራ ልማድ ግን በገንዘብ አይለወጥም። አሮጌውን ልማድ ሳይመረምር አዲሱን መሣሪያ የሚያስገባ አለቃ፥ የተጣመመውን ቦይ ሳያቀና ውሃውን እጥፍ አድርጎ እንደሚለቅ ገበሬ ነው፤ ውሃው ቦዩን ጥሶ ይፈስሳል እንጂ እርሻውን አያጠጣም። ይህን የሚያስረዱ በውጭ አገር የተፈጸሙ፥ ለሁሉም ትምህርት የሚሆኑ ታሪኮች አሉ።

በአሜሪካ የታላቁ የኮምፕዩተር ኩባንያ የአይ ቢ ኤም ቅርንጫፍ የሆነ፥ አይ ቢ ኤም ክሬዲት የሚባል ድርጅት ነበረ። ሥራውም ከኩባንያው ዕቃ ለሚገዙ ደንበኞች ገንዘብ ማበደር ነበረ። ሻጩ ደንበኛ ባገኘ ጊዜ በስልክ ያስታውቃል፤ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ከተቀመጡት 14 ሰዎች አንዱ ጥያቄውን በወረቀት ይጽፋል። ወረቀቱ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጥቶ፥ ደንበኛው ዕዳውን ለመክፈል የሚችል መሆኑን ለሚመረምሩት ይሰጣል፤ ከእነርሱ የውሉን ቃል ለሚያስተካክሉት ይተላለፋል፤ ቀጥሎ ወለዱን ለሚተምነው ይደርሳል፤ በመጨረሻም ጸሐፊዎቹ ደብዳቤውን አዘጋጅተው ይልካሉ። ይህ ሁሉ እስኪፈጸም በአማካይ 6 ቀን፥ አንዳንድ ጊዜም 2 ሳምንት ይፈጅ ነበር። በዚህ መካከል ደንበኛው ሌላ አበዳሪ ያገኛል፤ ወይም ዕቃውን ከሌላ ነጋዴ ይገዛል። ሻጩም ደጋግሞ ቢደውል፥ ወረቀቱ በየት እንዳለ የሚነግረው ሰው አልነበረም።

አለቆቹ በመጀመሪያ ያሰቡት መፍትሔ ወረቀቱን መከታተል ነበረ። ስለዚህ አንድ የመቆጣጠሪያ ጠረጴዛ አቆሙ፤ እያንዳንዱ ክፍል ድርሻውን ሲፈጽም ወረቀቱን ለሚቀጥለው ክፍል በመስጠት ፈንታ ወደዚህ ጠረጴዛ እንዲመልስና በዚያ እንዲመዘገብ አደረጉ። ከዚህ በኋላ ወረቀቱ የት እንዳለ ታወቀ፤ ነገር ግን ሥራው ከቀድሞው ይልቅ ዘገየ። ጉዳዩ የት እንደ ቆመ ማወቅና ጉዳዩን እንዳይቆም ማድረግ አንድ አይደለምና። ዛሬም ብዙ መሥሪያ ቤት ሶፍትዌር ገዝቶ የሚያገኘው ፍሬ ከዚህ የመቆጣጠሪያ ጠረጴዛ የማይበልጥ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ከዚህ በኋላ ከድርጅቱ ከፍተኛ ሹማምንት ሁለቱ ቀላል ነገር ግን ብልሃት ያለበት ምርመራ አደረጉ። አንድ የብድር ጥያቄ በእጃቸው ይዘው ከክፍል ወደ ክፍል በእግራቸው እየሄዱ፥ በየክፍሉ ያለው ሠራተኛ የያዘውን ሥራ ትቶ ይህን ብቻ እንደ ወትሮው እንዲፈጽም ጠየቁ። ሥራው በሙሉ በ90 ደቂቃ አለቀ። እንግዲህ ከ6ቱ ቀን ውስጥ እውነተኛው ሥራ የ90 ደቂቃ ብቻ ነበረ፤ የቀረው ጊዜ ወረቀቱ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ ለመተላለፍ ሲጠብቅ የሚያልፍ ነበረ። ጥፋቱ የሠራተኞቹ ስንፍና አልነበረም፤ የሥራው አከፋፈል ነበረ። አብዛኛው የብድር ጥያቄ ቀላል ሆኖ ሳለ፥ ሁሉም እጅግ አስቸጋሪ እንደ ሆነ ተቆጥሮ በልዩ ልዩ ባለሙያዎች እጅ እንዲያልፍ ተደርጎ ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው ጥያቄውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲፈጽመው ተወሰነ፤ ለእርሱም የሚረዳው አዲስ የኮምፕዩተር መሣሪያ ተሠራለት፤ ባለሙያዎቹም ነገሩ በእውነት ሲከብድ ብቻ የሚጠየቁ ሆኑ። 6 ቀን ይፈጅ የነበረው በ4 ሰዓት የሚያልቅ ሆነ፤ የሚፈጸመውም የብድር ብዛት መቶ እጥፍ እንደ ሆነ ማይክል ሃመርና ጄምስ ቻምፒ በ1993 ባሳተሙት መጽሐፍ ተርከዋል።

ሃመር ከዚህ አስቀድሞ በ1990 የፎርድን የመኪና ፋብሪካ ታሪክ ጽፎ ነበር። ከ1980 በኋላ ባሉት ዓመቶች የፎርድ የሰሜን አሜሪካ ክፍል ለዕቃ አቅራቢዎች ሒሳብ የሚከፍሉ ከ500 በላይ ሠራተኞች ነበሩት። በኮምፕዩተር እየተረዱ ቁጥሩን ወደ 400 ለማውረድ ታስቦ ሳለ፥ ማዝዳ የተባለው የጃፓን ፋብሪካ ይህንኑ ሥራ በ5 ሰዎች ብቻ እንደሚያከናውን ታወቀ። ማዝዳ ከፎርድ ያነሰ ድርጅት ቢሆንም ልዩነቱ በዚህ ብቻ የሚፈታ አልነበረም። ሲመረመር የፎርድ ሠራተኞች አብዛኛውን ጊዜያቸውን የሚያጠፉት የግዢውን ትእዛዝ፥ የዕቃ ግምጃ ቤቱን ደረሰኝና የሻጩን የሒሳብ መጠየቂያ እያስተያዩ፥ ሦስቱ ያልተስማሙበትን በመፈለግ ነበረ። ስለዚህ የሒሳብ መጠየቂያው ራሱ እንዲቀር ተደረገ። ትእዛዙ በኮምፕዩተር ይመዘገባል፤ ዕቃው ሲደርስ ተቀባዩ ከተመዘገበው ጋር ያስተያየዋል፤ ከተስማማ ይቀበላል፥ ክፍያውም ይታዘዛል፤ ካልተስማማ ዕቃው ይመለሳል። ይመሳከር የነበረው 14 ዓይነት ነገር ወደ 3 ወረደ፤ በክፍሉ የሚያስፈልገውም የሰው ቁጥር በ75 ከመቶ ቀነሰ። በሁለቱም ድርጅቶች ኮምፕዩተሩ የጠቀመው፥ የማያስፈልገው ሥራ ተለይቶ ከተጣለ በኋላ እንደ ሆነ ልብ ማለት ያሻል።

ሆኖም የዚህ ትምህርት ሌላ ወገን አለው። የፎርድ ታሪክ በተሰማ ጊዜ ብዙ ኩባንያዎች የሥራን መንገድ የማቅናቱን ምክር ትተው የሰውን ቁጥር የመቀነሱን ወሬ ብቻ ያዙ። በ1990ዎቹ ዓመቶች የሥራ ለውጥ መጣ ሲባል ሠራተኛው የሚሰማው «ልትባረር ነው» የሚል ቃል ሆነ። እንጀራው እንደሚወሰድበት የሚያስብ ሰውም ዕውቀቱን ይሸሽጋል እንጂ አይገልጥም። በ1995 ከዚህ ዘዴ መሥራቾች አንዱ የሆነው ቶማስ ዳቬንፖርት፥ ዘዴው ሰውን የዘነጋ ፋሽን ሆነ ብሎ ወቀሰ። በ1996 ሃመር ራሱ መሐንዲስ በመሆኑ ለሰው ወገን ተገቢውን ግምት ሳይሰጥ መቅረቱን አመነ። እንዲህ ያለው እምነት ከመምህር ሲመጣ ክብሩን አይቀንስበትም፤ ይልቁንም ለሚከተሉት ትልቅ ምክር ነው።

ሰውን መዘንጋት ምን ጉዳት እንደሚያመጣ በእንግሊዝ አገር በማተሚያ ቤቶች የተደረገ አንድ ጥናት በግልጥ ያሳያል። ጥናቱን ጆን ባወርስ፥ ግራሃም በተንና ዌስ ሻሮክ በ1995 አቅርበውታል። በማተሚያ ቤቶቹ ውስጥ የሥራ ፍሰት ሶፍትዌር በገባ ጊዜ፥ እያንዳንዱ ሠራተኛ የእያንዳንዱን ሥራ መጀመሪያና መጨረሻ በኮምፕዩተር እንዲያስመዘግብ ታዘዘ። ነገር ግን የኅትመት ሥራ በወረቀት ላይ እንደሚሣለው ተራ በተራ የሚሄድ አይደለም። ጠቢብ አታሚ አንዱ መኪና ሲይዝ ሥራውን ወደ ሌላው ያዛውራል፤ የሚመጣውን ሥራ ከሩቅ አይቶ አስቀድሞ ይሰናዳል፤ ባልንጀራው ሲጨናነቅ ያግዘዋል። ይህ ሁሉ በደንብ መጽሐፍ ያልተጻፈ፥ ነገር ግን ሥራው ሳይቋረጥ እንዲሄድ የሚያደርግ ጥበብ ነው። ሶፍትዌሩ ይህን ስላላወቀ ሥራውን አወከው። ሠራተኞቹም ሥራውን እንደ ቀድሞው እየሠሩ መዝገቡን በኋላ የሚሞሉበት ዘዴ አበጁ። የሥራ ፍሰት ለማስተዳደር የገባው መሣሪያ ራሱ የፍሰቱ እንቅፋት ሆነ፤ አለቃውም በኮምፕዩተሩ መስኮት የሚያየው የሥራውን እውነት መሆኑ ቀርቶ ለመሣሪያው ተብሎ የተጻፈውን ሆነ።

ታዲያ ሰው ሁሉ ለውጥን ይጠላልን? ይህን ጥያቄ የሚመልስ አንድ የቆየ ምርመራ አለ። በቨርጂንያ ማሪዮን በምትባለው ከተማ ሃርውድ የሚባል የሌሊት ልብስ የሚሰፋ ፋብሪካ ነበረ። ሌስተር ኮክና ጆን ፍሬንች በዚያ ያደረጉትን ምርመራ በ1948 አሳተሙ። የሥራው አኳኋን እንዲለወጥ ባስፈለገ ጊዜ ሠራተኞቹን በክፍል በክፍል ለዩአቸው። ለአንደኛው ክፍል ለውጡ በትእዛዝ ተነገረው። ለሁለተኛው በእንደራሴዎቹ አማካይነት እንዲመክርበት ተደረገ። የቀሩት ደግሞ ሁሉም በአንድነት ተቀምጠው አዲሱን አሠራር ራሳቸው እንዲወስኑ ተፈቀደላቸው። በትእዛዝ የተለወጠው ክፍል ሥራው ቀነሰ፥ እንደ ቀነሰም ቀረ፤ በ40 ቀን ውስጥ ከሠራተኞቹ 17 ከመቶ ሥራውን ለቀቁ። ሁሉም የመከሩበት ክፍሎች ግን ፈጥነው ወደ ቀድሞ ልካቸው ተመለሱ፤ ቀጥሎም ከቀድሞው በለጡ፤ ከእነርሱም ሥራውን የለቀቀ አልነበረም። ከሁሉ የሚያስደንቀው፥ ከሁለት ወር ተኩል በኋላ በትእዛዝ ከተለወጠው ክፍል የቀሩት ሰዎች እንደገና ተሰብስበው ሌላ ለውጥ በምክር እንዲቀበሉ በተደረገ ጊዜ እንደ ሌሎቹ መልካም ሥራ መሥራታቸው ነው። ሰዎቹ እነዚያው ነበሩ፤ የተለየው የተያዙበት መንገድ ነው።

በኢትዮጵያም ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። ሃመርና ቻምፒ ያስተማሩት ዘዴ መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ በሚል ስም ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ገብቶ እንደ ነበረ፥ ብዙ የመንግሥት ሠራተኛ ቢፒአር በሚለው አጭር ስም ያስታውሰዋል። በ2025 ደግሞ ልዩ ልዩ የመንግሥት አገልግሎቶችን በአንድ ስፍራ የሚሰጠው መሶብ የተባለው ማዕከል በአዲስ አበባ ሥራውን ጀመረ። ስሙ መልካም ስም ነው፤ ብዙ ሰው በአንድ መሶብ ዙሪያ ተቀምጦ በሰላም የሚበላው እያንዳንዱ ከፊቱ ያለውን ብቻ ሳይሆን አብሮት የተቀመጠውንም ስለሚያስብ ነው። እንደዚሁም ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር የተሰበሰቡ መሥሪያ ቤቶች የሚፈለገውን ፍሬ የሚሰጡት፥ ከመስኮቱ በስተኋላ ያለው የሥራ መንገድ አብሮ የቀና እንደ ሆነ ነው። መስኮቱ አንድ ሆኖ ከኋላው ያለው ፊርማ አሥር ከሆነ፥ የባለጉዳዩ እግር ቢያርፍም ቀኑ አይቀንስለትም።

እንግዲህ አዲስ መሣሪያ ለማስገባት የሚያስብ ሹም ከሁሉ አስቀድሞ የሚገባው፥ ሁለቱ የአይ ቢ ኤም ክሬዲት ሹማምንት እንዳደረጉት፥ አንድ ጉዳይ በእጁ ይዞ ከበር እስከ መጨረሻው ፊርማ ድረስ በእግሩ መሄድ ነው። በየጠረጴዛው ሲደርስ «ይህ ፊርማ ለምን ያስፈልጋል? ቢቀር ምን ይጎዳል?» ብሎ ይጠይቅ። ምክንያቱ የሚታወቅ ይቆይ፤ ምክንያቱ የተረሳ ይቅር። በእርግጥ አንዳንድ ፊርማ የሕዝብን ገንዘብና የድኻን መብት ለመጠበቅ የተሠራ አጥር ስለሆነ፥ ለፍጥነት ሲባል አጥርን ሁሉ ማፍረስ አይገባም። ከዚህ በኋላ ሥራውን ዕለት ዕለት የሚሠሩትን፥ ይልቁንም የመዝገብ ቤቱን ሠራተኛና ታናሹን ጸሐፊ፥ ሰብስቦ ይስማ። ጫማ የት ላይ እንደሚቆረቁር የሚያውቀው ያጠለቀው ነውና። ከለውጡ የተነሣ የሰው ቁጥር የሚተርፍ እንደ ሆነም የተረፉት ምን እንደሚሆኑ አስቀድሞ ተወስኖ በግልጥ ይነገራቸው። ከዚያ ወዲያ ሶፍትዌሩ በአንድ ክፍል ብቻ ይሞከር፤ ጉድለቱ ታይቶ ከታረመ በኋላ ወደ ሌላው ይለፍ።

አዲሱን አሠራር የሚቃወም ሁሉ በቅንነት ይቃወማል ማለት ደግሞ አይደለም። ከዶሴው መዘግየት የሚጠቀም፥ ፍጥነትን በእጅ መንሻ የሚሸጥ ሰው ቢኖር፥ ሁሉን የሚመዘግብ መሣሪያ ጠላቱ ነው፤ እርሱም ስለ ሥራው የተቈረቈረ መስሎ ይከራከራል። ሁለቱን ለመለየት አስቸጋሪ አይደለም። ቅን ተቃዋሚ ሥራውን ይገልጣል፤ በዚህ ቦታ እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲመጣ ደንቡ አይሠራም ብሎ በምሳሌ ያስረዳል። ተንኰለኛው ግን ነገሩን በጥቅሉ ያወግዛል፤ ዝርዝሩን ሲጠየቅ ዝም ይላል። ስለዚህ ለመጀመሪያው ጆሮ መስጠት፥ ለሁለተኛውም አለመሸነፍ የሹም ፈንታ ነው።

መዝገቡንም በፍርድ መጠቀም ያስፈልጋል። መሣሪያው ይህ ሠራተኛ በቀን 20 ጉዳይ ጨረሰ፥ ያኛው 5 ብቻ ጨረሰ ብሎ ሊያስታውቅ ይችላል። ሃያዎቹ ቀላል፥ አምስቱ ግን የሙት ልጅ ርስትና የብዙ ወራሾች ክርክር ያለባቸው ከሆኑ፥ ቁጥሩን ብቻ አይቶ የሚፈርድ አለቃ ትጉሁን ይቀጣል፤ ቀላሉን እየመረጠ የሚሠራውን ይሸልማል። በዚህም ዓይነት ሠራተኛው ሁሉ ከባዱን ጉዳይ እንዲሸሽ ያስተምረዋል፤ ከባድ ጉዳይ ያለበት ባለጉዳይም ከቀድሞው የባሰ ይጉላላል። ቁጥር ለጥያቄ መነሻ ይሆናል እንጂ የፍርድ መጨረሻ አይሆንም።

ኮምፕዩተር የታዘዘውን በፍጥነት የሚፈጽም አገልጋይ ነው፤ መልካም ሥርዓት ቢሰጡት መልካሙን ያፋጥናል፤ የተበላሸ ሥርዓት ቢሰጡት የተበላሸውን ያፋጥናል። ሥርዓቱን የሚያቀናው ግን የሹሙ ማስተዋል፥ የሠራተኛው ዕውቀትና የሁለቱ መተማመን ነው። እነዚህ ሳይቀድሙ በብዙ ገንዘብ የተገዛ መሣሪያ ከአሮጌው መዝገብ ጎን ሁለተኛ መዝገብ ሆኖ ይቀራል፤ በደጅ የቆመው ባለጉዳይም ዱሮ «ዶሴው የለም» ይባል የነበረው አሁን «ኔትዎርክ የለም» ይባላል። እነዚህ ሲቀድሙ ግን ከሩቅ አገር ለአንድ ፊርማ የመጣው ሰው ጉዳዩን በዕለቱ ጨርሶ ወደ እርሻውና ወደ ልጆቹ ይመለሳል። የመሣሪያው ዋጋ የሚመዘነውም በዚህ ሰው የመመለሻ ቀን ነው።